ጉርድዋራው ውስጥ እጁን ያነሳው ማን ነው? ስለ «ባቡር ወደ ፓኪስታን» ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የንባብ ክበባችን የኩሽዋንት ሲንግን ‹ባቡር ወደ ፓኪስታን› በእንግሊዝኛ አንብቦ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ‹ደራሲው ራሱ ሲክ ስለሆነ የወገኖቹን ጥፋት በጥቂት ሽፍቶች አሳቦ አለፈው› እንላለን። የቀረነው ‹እንዲያውም የገዛ ወገኑን ገመና አደባባይ ያወጣ መጽሐፍ ነው› እንላለን። ሃያስያን ምን ብለውታል? የትኛው ሂስ ሚዛን ይደፋል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ወገኖች ማስረጃቸውን የሚያገኙት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከጉርድዋራው ሌሊት። ጉርድዋራ የሲኮች ጸሎት ቤት ነው፤ ሲክነት ፑንጃብ ውስጥ የተወለደ፣ ከሂንዱነትም ከእስልምናም የተለየ ሃይማኖት ነው። በልብወለዱ መጨረሻ ገደማ፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ከመንደሩ ከተወሰዱ በኋላ፣ ሲኮቹ እዚያ ተሰብስበው ሳለ ከውጭ የመጣ አንድ ወጣት ይገባና ወደ ፓኪስታን የሚሄደውን ባቡር እንዲያጠቁ ይሰብካቸዋል። በመጽሐፉ ላይ የተነሱት ዋና ዋና ክርክሮች ዞረው ዞረው እዚያ ሌሊት ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ እኔም እናንተን ደጋግሜ ወደዚያው ልመልሳችሁ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው። ኩሽዋንት ሲንግ በ1915 የተወለደው ሃዳሊ በምትባል፣ ዛሬ በፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ በምትገኝ መንደር ነው። ሕግ አጥንቶ ላሆር ውስጥ በጥብቅና ይሠራ ነበር። በ1947 ብሪታንያ ሕንድን ለሁለት ከፍላ ስትወጣ አዲሱ ድንበር ፑንጃብን ሰንጥቆት አለፈ፤ መስመሩ የት እንዳለ በይፋ የተነገረው ሕንድ ነፃነቷን ካወጀች ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 17 ነበር። ከ12 እስከ 15 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ከቀዬው ተነቀለ። የሟቾቹ ግምት ከ200 ሺህ ተነስቶ እስከ አንድ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሲኮች ከሙስሊሙም ከሂንዱውም በቁጥር የሚያንሱ ናቸው። ድንበሩ ለም እርሻቸውን፣ የሃይማኖታቸው መስራች ጉሩ ናናክ የተወለደበትን ናንካና ሳሂብን ሳይቀር በፓኪስታን በኩል አስቀረው፤ ከምዕራብ ፑንጃብ ሲክ የተባለ ሁሉ ማለት ይቻላል ተሰደደ። በምሥራቁ ደግሞ የታጠቁ የሲክ ቡድኖች በእግርና በባቡር የሚሸሹ ሙስሊሞችን ፈጅተዋል። ኩሽዋንት ሲንግ የሚጽፈው በአንድ ክረምት ተፈናቃይም ገዳይም ስለሆነ ሕዝብ ነው። ይህን ካልያዝን ሂሱም አይገባንም።

መጽሐፉ በ1956 ወጣ። የአሜሪካው ግሮቭ ፕሬስ ለሕንድ ልብወለድ ያዘጋጀውን ሽልማት አግኝቶ በዚያ አገር የታተመው በመንደሯ ስም፣ «ማኖ ማጅራ» ተብሎ ነበር።

ላላነበበ ሰው ታሪኩን ላሳጥረው። ማኖ ማጅራ በሱትሌጅ ወንዝ ዳር፣ ከባቡር ድልድይ አጠገብ ያለች፣ ሰባ ያህል አባወራ የሚኖርባት የፈጠራ መንደር ናት። መሬቱ የሲኮች ነው። ሙስሊሞቹ በቁጥር ከሲኮቹ እኩል ቢሆኑም ጢሰኞች ናቸው። ሂንዱ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ የአራጣ አበዳሪው የራም ላል። ሰው ሁሉ በየሃይማኖቱ ቢያድርም ኩሬው ዳር፣ ግራር ሥር የቆመችውን ድንጋይ ግን በጋራ ይለማመናታል። ማሊ የሚባል ሽፍታ ከነጭፍሮቹ ራም ላልን ይገድላል። ፖሊስ የሚይዘው ግን አባቱ በዝርፊያ የተሰቀለበትን፣ እሱም በፖሊስ መዝገብ ስሙ የሰፈረውን ጁጋ የተባለ ግዙፍ ሲክ ነው። ጁጋ በዚያ ሌሊት የሙስሊሙ የኢማም ባክሽ ልጅ ከሆነችው ከኑራን ጋር ሜዳ ላይ ነበር። ለፖለቲካ ሥራ ከከተማ የተላከ ኢቅባል የሚባል የተማረ ሰውም አብሮ ይታሰራል። ከዚያ ከፓኪስታን በኩል አንድ ባቡር ይመጣል፤ ተሳፋሪው በሙሉ ሬሳ ነው። መንደሩ እንጨትና ላምባ እንዲያዋጣ ይታዘዛል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም፤ ማታ ነፋሱ የሚያመጣው ሽታ ይነግረዋል። ሙስሊሞቹ ወደ ስደተኛ ጣቢያ ይወሰዳሉ። እነሱን የጫነው ባቡር ድልድዩን ሲያልፍ ጣሪያው ላይ የተቀመጡትን በተወጠረ ገመድ ጠርጎ ለመጣል፣ ውስጥ ያሉትንም በጥይት ለመፍጀት ይታቀዳል። በዚያ ሌሊት አንድ ሰው ገመዱ ላይ ተንጠላጥሎ በቢላ፣ በመጨረሻም በጥርሱ ይበጥሰዋል። ተመትቶ ይወድቃል፤ ባቡሩ በላዩ ላይ ያልፋል።

የመጀመሪያው ዙር ሂስ የመጣው ጠባሳው ገና ሳይደርቅ ነው። ስሪኒቫሳ አየንጋር ሕንዳውያን በእንግሊዝኛ ስለጻፉት ሥነ ጽሑፍ በ1962 ባሳተመው ሰፊ ጥናት፣ ይህን ያህል ቅርብና ይህን ያህል አሰቃቂ የሆነ ነገር ወደ ኪነ ጥበብ መለወጥ ቀላል እንደማይሆን አስምሮበታል። ቫሳንት ሻሃኔ በ1972 ስለ ኩሽዋንት ሲንግ ሥራዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። የዚያ ትውልድ ዋና መለኪያ እውናዊነት ነበር፤ ቋንቋው ቁጥብ ነው ወይ፣ መቼቱ ያሳምናል ወይ፣ ደራሲው ለማንም ሳያዳላ ተርኳል ወይ። ለመጨረሻው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው። ደራሲው ገና በመክፈቻው ገጽ ሁሉም ወገን መግደሉን ይናገራልና «ሚዛናዊ» የምትለው ሙገሳ በመጽሐፉ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ዛሬም ሽፋኑ ላይ ሳይቀር የምታገኟት እሷን ነው።

እኔ በዚህች ሙገሳ አልስማማም። ልብወለዱ ሚዛናዊ አይደለም፤ ጉልበቱም እዚያ ላይ ነው። ገጾቹን አገላብጣችሁ ገዳዮቹን ቁጠሩ። ሲኮችንና ሂንዱዎችን የፈጁት ሙስሊሞች በመጽሐፉ ውስጥ ፊት የላቸውም። ሥራቸው ብቻ በባቡር ተጭኖ፣ በወንዙ ሙላት ተንሳፍፎ ይመጣል። ሙስሊሞችን ለመፍጀት የሚዶልቱት ግን ፊት አላቸው፣ ድምፅ አላቸው፤ ሲያቅዱ፣ ሲከራከሩ፣ ሲጸልዩ ዓይናችን እያየ ነው። ሲክ ደራሲ፣ ከላሆር የተፈናቀለ ሰው፣ የራሱን ወገን በደል በዝርዝር ጽፎ የሌላውን በጥቅሉ ሲያልፍ ይህ የዘፈቀደ ምርጫ ሊሆን አይችልም። ለዚህ ነው «ገመና አውጪ ነው» ያላችሁት ወገኖች መሠረት አላችሁ የምለው። በዚያ ትውልድ ሂስ ውስጥ ግን «ሚዛን» የሚለው ቃል ይህን ሸፍኖት ኖሯል።

ኢቅባል ላይ የተነሳው ቅሬታ አጭር ነው፤ እኔም ባጭሩ ላልፈው። ንድፍ ብቻ ነው፣ ደራሲው የፖለቲካ ንግግሩን የሚያስነግርበት አፍ ነው ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም በመጨረሻው ሌሊት ባቡሩን ለማዳን ልሙት ወይስ አልሙት እያለ ሲያሰላ፣ መሞቱን የሚያይለት ሰው ከሌለ ምን ዋጋ አለው ብሎ ውስኪውን ጠጥቶ እንቅልፍ የሚወስደው ቦታ ለኔ ከመጽሐፉ ጥሩ ገጾች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየስብሰባው አጋጥሞኛል።

ሁለተኛው ዙር ሂስ ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣ ሲሆን ከሥነ ጽሑፍ ይልቅ ከታሪክ ጥናት ይነሳል። ጊያኔንድራ ፓንዴ በ2001 ስለ ሕንድ መከፈል ባወጣው ጥናት ከተረፉ ሰዎች አንደበት አንድ የሚደጋገም ነገር ለይቷል፤ ሰው ስለ ገዛ መንደሩ ሲናገር ግፉን ምንጊዜም ከመንደሩ ዳር ድንበር ውጭ ያደርገዋል። እኛ ተዋደን እንኖር ነበር፣ ያጠፉን ባዕዳን ናቸው። ፓንዴ ይህን የሚያነበው እንደ ውሸት አይደለም፤ ማኅበረሰብ ከእልቂት በኋላ «እኛ» ማለት የሚችለው እንዲህ እያለ ስለሆነ ነው። ይህን መነጽር አድርጎ ማኖ ማጅራን የሚያይ ሃያሲ የሚያየው ግልጽ ነው። በመግቢያው ላይ ሁሉ በአንድ ድንጋይ ሥር የሚሳለም ሰላማዊ መንደር አለ። ከዚያ ባቡሩ ከውጭ ይመጣል፣ ሬሳው ከውጭ ይመጣል፣ ሰባኪው ወጣት ከውጭ ይመጣል። ማሊም ቢሆን ከሕግ ውጭ የሆነ ሽፍታ ነው። የእናንተ የመጀመሪያው ወገን ያለው በትክክል ይህንን ነው፤ ከሂሶቹ ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው እላለሁ።

ጠንካራ ነው፤ ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻ አያነብም። ወደ ጉርድዋራው እንመለስ። ወጣቱ ተናግሮ ሲጨርስ ፈቃደኛ የሆነ ይነሳ ይላል። መጀመሪያ ማሊና ጓደኞቹ ይነሳሉ፤ እስከዚህ ድረስ የፓንዴ ትንታኔ ይሠራል። ቀጥሎ ግን ኩሽዋንት ሲንግ በአንድ አረፍተ ነገር፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ለሙስሊም ወዳጆቻቸው መሄድ ያለቀሱ የመንደሩ ሰዎችም እጃቸውን እንዳነሱ ይነግረናል። በአጠቃላይ የተነሳው ከሃምሳ በላይ ነው። ሰባ ያህል አባወራ ባለበት፣ ግማሹም በተሰደደበት መንደር ሃምሳ ሰው ጥቂት ሽፍታ አይባልም! ማን እንደሆኑ ስማቸው አልተጠራም፤ ስለ ውስጣቸው አንድ መስመር አልተጻፈም። እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን የማመሰግነውም የምወቅሰውም። እውነቱን ተናግሯል፤ ተናግሮ ግን ቶሎ አልፎታል። አልቅሶ የሸኘ ሰው በማግሥቱ ገመድ ለመወጠር እንዴት ይነሳል የሚለው ጥያቄ የልብወለዱ ሁሉ ማዕከል መሆን ሲገባው በአንድ አረፍተ ነገር ቀረ። ደራሲው ያን ጊዜውን ለጁጋና ለኢቅባል ሰጠው።

ለነገሩ ሌላም ፍንጭ ትቷል፤ ሃያስያንም ብዙ አልቆፈሩትም። የአውራጃው ገዥና ዳኛ የሆነው ሁኩም ቻንድ ከፖሊሶቹ ጋር ሆኖ የራም ላልን ግድያ በሙስሊሞች ላይ የሚያላክክ ወሬ በመንደሩ እንዲነዛ ያደርጋል፤ እስከዚያ ድረስ ማኖ ማጅራ ሰው በሃይማኖቱ ሲከፈል አታውቅም ነበር። ሙስሊሞቹ ሲወሰዱ ደግሞ ጥለውት የሄዱትን ንብረት እንዲጠብቅ የሚሾመው ማን ይመስላችኋል? ማሊ። በአንድ ጥዋት ሽፍታው ባለአደራ ሆነ። መሬቱ የሲክ፣ ጢሰኛው ሙስሊም መሆኑን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ አንብቡ። እንስሳው፣ ዕቃው፣ እህሉ ባለቤት አጥቶ ቀርቷል። ያንን ያየ ሰው ባለቤቱ እንዳይመለስ የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ደራሲው ይህን አያብራራም፤ እንደ ጠበቃ ማስረጃውን አስቀምጦ ይሄዳል።

አሁን ስለ ሲክነት። ከ1699 ጀምሮ፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ኻልሳ የሚባለውን ማኅበር ከመሠረተ ወዲህ፣ የሲክ ማንነት በአካል ላይ የሚነበብ ነው። ያልተቆረጠ ጠጉር፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ልዩ ሱሪ፣ ጎራዴ። በሰላሙ ጊዜ ይህ የኩራት ምልክት ነው። በ1947 ግን ከሩቅ የሚያስለይ፣ ለጥይት የሚያጋልጥ ሆነ። ልብወለዱ ይህን በኢቅባል ያጫውተዋል። ኢቅባል ሙስሊምም፣ ሂንዱም፣ ሲክም የሚጠራበት ስም ነው። የጉርድዋራው አገልጋይ ሚት ሲንግ ሲክ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ፖሊሶች ግን ልብሱን አስወልቀው፣ መገረዙን አይተው፣ ፓኪስታን እንድትመሠረት የታገለው ፓርቲ፣ የሙስሊም ሊግ፣ ሰላይ ያደርጉታል። ስለ ማንነት ከተጻፈው ብዙ ሂስ ውስጥ ይህች ትዕይንት ተደጋግማ ትጠቀሳለች፤ በሚገባ። መንግሥት የሰውን እምነት ከሱሪው ሥር ሲፈልግ ያሳያልና።

እኔን ከዚያ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ጸሎቱ ነው። በዚያ ሌሊት ሚት ሲንግ ለመቃወም ይሞክራል፤ የዚህ መንደር ሙስሊሞች ምን አደረጉ ብሎ ይጠይቃል፤ ይዘለፋል፤ ዝም ይላል። ሴራው ከተቋጨ በኋላ ጉባኤው ተነስቶ ይጸልያል። በናናክ ስም፣ ለዓለም ሁሉ በጎ የሚመኘውን የዘወትር ጸሎታቸውን መዝጊያ ይላል። ሴቶችና ሕፃናት የጫነ ባቡር ለመፍጀት ተስማምተው፣ ለሰው ሁሉ ደግ ተመኝተው ወጡ። ኩሽዋንት ሲንግ ምንም አስተያየት አይጨምርም። ይህን ለመጻፍ ጸሎቱን በልቡ የሚያውቅ ሰው መሆን ያስፈልጋል። እሱ ራሱ አማኝ አልነበረም፤ በግልጽ ይናገረው ነበር። ሆኖም ጥምጥሙንና ጺሙን እስከ ዕለተ ሞቱ አልጣለም፤ በ1963ና በ1966 የወጣው ባለ ሁለት ቅጽ የሲኮች ታሪኩም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። «ሲክነትን ያንቋሸሸ ነው» የሚል አንባቢ ካለ፣ ያው ጸሎት ቤት በነጋታው ሌሊት ሌላ ሰው እንደሚያስተናግድ ልብ ይበል። ጁጋ ከእስር ተፈትቶ ሄዶ ሚት ሲንግን ቀስቅሶ ቃለ ጉሩ፣ ማለትም ከሲኮቹ ቅዱስ መጽሐፍ፣ አንብብልኝ ይለዋል። ትርጉሙን ይጠይቃል። ሚት ሲንግ ለመልካም ነገር ከሆነ የምትሄደው ጉሩ ይረዳሃል፣ ለክፉ ከሆነ ይቆምብሃል ብሎ ያስረዳዋል። ጁጋ አመስግኖ ይወጣል።

ጁጋ የሞተው ለፍቅር ነው ወይስ ለሃይማኖት? በዚህ ላይ ብዙ ቀለም ፈሷል። ኑራን ከባቡሩ ላይ አለች፣ ፅንሱንም ተሸክማለች፤ ስለዚህ ሃያስያን የሚበዙት ፍቅር ያሉት አልተሳሳቱም። አንዳንዶችም በዚሁ ምክንያት መጨረሻውን ሲኒማ ይመስላል ብለው ይነቅፉታል። እኔ ግን ማንበብና መጻፍ የማይችል፣ በወንጀለኛ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ከመሞቱ በፊት ወደ ጸሎት ቤት የሄደበትን ገጽ ዘልሎ «ለሴት ሲል» ብሎ መደምደም ስንፍና ይመስለኛል። አንዱ ቅዱስ መጽሐፍ በሁለት ሌሊት ለሁለት ሥራ ተጠራ፤ መጽሐፉ ስለ ሲክነት የሚለው ነገር ካለ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ሂሱ ያለ ርኅራኄ የሚመዝነው፣ መጽሐፉም መከላከያ የሚያጣው በሴቶቹ ላይ ነው። ኡርቫሺ ቡታሊያ በ1998፣ ሪቱ ሜኖንና ካምላ ባሲንም በዚያው ዓመት፣ በክፍፍሉ ያለፉ ሴቶችን አንደበት ይዘው ብቅ አሉ። ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ 1947ን እንደ በፊቱ ማንበብ አልተቻለም። ቡታሊያ ከተረከቻቸው ሁሉ የሚዘገንነው በማርች 1947 በራዋልፒንዲ አካባቢ፣ ቶዋ ኻልሳ በምትባል የሲክ መንደር የሆነው ነው። ወደ 90 የሚጠጉ ሴቶች በጠላት እጅ ላለመውደቅ ጉድጓድ ውስጥ ዘለው ሞቱ። በሌሎች መንደሮች አባቶች ሴት ልጆቻቸውን፣ ባሎች ሚስቶቻቸውን በገዛ እጃቸው ገደሉ፤ ይህም በማኅበረሰቡ ዘንድ ለዓመታት እንደ ሰማዕትነት ሲወደስ ኖረ። ቡታሊያ የጠየቀችው ቀላልና አስደንጋጭ ጥያቄ ነው፤ ሴቶቹን ማን ጠየቃቸው?

ይህን ይዛችሁ ወደ ማኖ ማጅራ ስትመለሱ ኑራን ያላት ድምፅ ትንሽ መሆኑ ይታወቃችኋል። ሀሲና የምትባለው፣ ለሁኩም ቻንድ መዝናኛ የምትቀርበው ገና ልጅ የሆነች ሙስሊም አዝማሪም በአዛውንቱ ዳኛ ዓይን ብቻ ትታያለች። ከሁሉ በላይ ግን ሱንደር ሲንግ የሚባለውን ሰው ተመልከቱ። ሁኩም ቻንድ በሐሳቡ የሚያስታውሰው፣ በበርማ፣ በጣሊያንና በኤርትራ ጦርነቶች ሜዳሊያ ያገኘ ጀግና የሲክ ወታደር ነው። አዎ፣ በእኛው አካባቢ፤ በ1941 ከረን ላይ ጣሊያንን ከገጠመው የሕንድ ጦር ውስጥ ሲኮች ነበሩበት፤ ደራሲው የዘመኑን ወታደር ያውቃል። ይህ ሰው ከቤተሰቡ ጋር በተጨናነቀ ባቡር ሲሰደድ፣ ባቡሩ ያለ ውሃ ቆሞ ሲቀር፣ ልጆቹ በጥም ሲቃጠሉ ማየት አቅቶት ሚስቱንና ልጆቹን በሽጉጡ ይገድላል። ራሱን ሊገድል ሲል ባቡሩ ይንቀሳቀሳል። ሲክ አባት ቤተሰቡን በገዛ እጁ የገደለበት ታሪክ እነሆ በ1956 ተጽፏል፤ ምክንያቱ ግን ጥም ነው። ክብር የሚባለው ነገር፣ የቶዋ ኻልሳው ነገር፣ አልተነካም። ደራሲው ሲኮች በሙስሊሞች ላይ ያደረጉትን ለመጻፍ ድፍረት ነበረው። ሲክ ወንዶች በሲክ ሴቶች ላይ ያደረጉት ጋ ሲደርስ ግን እጁ ወደ ኋላ ብሏል።

ያንን ክፍተት የሞላችው ሌላ ሲክ ደራሲ ናት። ሻውና ሲንግ ባልድዊን በ1999 ባወጣችው «አካል የሚያስታውሰው» በሚል ሊተረጎም በሚችለው ልብወለድ፣ የአንድ ሲክ ባለጸጋ ሁለት ሚስቶችን ሕይወት ከራዋልፒንዲ እስከ ክፍፍሉ ድረስ ትከተላለች። እዚያ ምራቱን ለክብር ሲል የሚገድል አባት አለ፤ ገዳዩ ራሱ ሲናገረው እንሰማለን። መጽሐፉ የኮመንዌልዝ ደራስያንን ሽልማት ለካናዳና ካሪቢያን ክፍል አግኝቷል። ሁለቱን አጎራብቶ ማንበብ በንግግር ከሚገለጸው በላይ ያስተምራል።

ከዚያ 1984 መጣ። በጁን ወር የሕንድ ጦር በአምሪትሳር ወርቃማ መቅደስ ውስጥ የመሸጉ ታጣቂዎችን ለማስወጣት በታንክ ገባ፤ ኦክቶበር 31 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በሁለት ሲክ ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ዴልሂ ውስጥ ብቻ በመንግሥት ቆጠራ 2,733 ሲኮች ተጨፈጨፉ። ሰዎች ከባቡር እየተጎተቱ ተገደሉ፤ የተረፉት ጠጉራቸውን ቆርጠው የተረፉ አሉ። ኩሽዋንት ሲንግ የታጣቂዎቹ ተቺ ነበር፤ የተለየ የሲክ መንግሥት ይቋቋም የሚሉትንም አይደግፍም። ሆኖም መቅደሱ ሲጠቃ በ1974 የተሰጠውን ፓድማ ቡሻን የተባለ የክብር ኒሻን ለመንግሥት መለሰ፤ በኖቬምበሩ እልቂት ደግሞ ስዊድን ኤምባሲ ተጠለለ።

ከዚህ በኋላ የአንባቢው መቀመጫ ተለወጠ። በ1956 መጽሐፉን ያነበበ ሲክ «እኛ ያደረግነው» እያለ ያነብ ነበር። ከ1984 በኋላ ያነበበው «እኛም ላይ የደረሰው» ብሎ ያነባል፤ የሬሳው ባቡር፣ ወሬ የሚነዛው ፖሊስ፣ እያየ ዝም የሚለው ባለሥልጣን ሌላ ትርጉም አገኙ። ሁኩም ቻንድ፣ ለቀደሙት ሃያስያን ሙስናና ሕሊና የተቀላቀሉበት ገጸ ባሕርይ ብቻ የነበረው ሰው፣ አሁን የመጽሐፉ ዋና ተከሳሽ ወደ መሆን ቀረበ። ይህ ንባብ ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን አደጋ አለው፤ ጉርድዋራ ውስጥ የተነሱትን እጆች ያስረሳል። በክበባችሁ «መንግሥት ነው ጥፋተኛው» ብሎ ነገሩን የዘጋ ሰው ካለ እነዚያን ሃምሳ ሰዎች አስታውሱት።

በ2006 ለሃምሳኛ ዓመቱ የወጣው እትም የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፈር የነበረችውን የማርጋሬት ቡርክ ዋይትን የዘመኑን ፎቶዎች ይዟል። ፎቶዎቹ ከባድ ናቸው፤ ደጋግሞም ማየት ይቻላል። ለመጀመሪያ ንባብ ግን አልመክረውም፤ ልብወለዱን የታሪክ ሰነድ ያስመስለዋልና። ማኖ ማጅራ የትም የለችም፤ የደራሲው ምርጫዎች ደግሞ መከራከሪያችን ናቸው። ፓሜላ ሩክስ በ1998 የሠራችው ፊልምም አለ፤ ንባቡን አይተካም።

ለጥያቄያችሁ ቁርጥ ያለ መልስ ከፈለጋችሁ፦ መጽሐፉ ሲኮችን አላነጻም። የእናንተ የመጀመሪያ ወገን የደገፈው ሂስ ግን ከጸሐፊው ይልቅ ለጽሑፉ አሠራር ሲነገር ያስኬዳል፤ ኩሽዋንት ሲንግ ገዳዮቹን ከመንደሩ ውስጥ አስነስቷቸዋል፣ ከተነሱ በኋላ ግን አልተከተላቸውም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ያንን የጉርድዋራ ምዕራፍ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እስከ ጸሎቱ ድረስ ሳይቋረጥ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ሲኮቹ ሙስሊሞቹን እንጠብቃችኋለን ብለው ቃል የገቡበትን፣ ኢማም ባክሽም ከእነዚህ ጋር እንደ ወንድም ኖረን ፓኪስታን ምናችን ናት ያለበትን ስብሰባ አንብቡ። በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ደራሲው በዚያ ውስጥ ያስቀመጠውን እያንዳንዱን ክስተት፣ ወሬውን፣ ባቡሩን፣ ሙላቱን፣ የተጣለውን ንብረት፣ በተራ ጻፉና ያለየትኛው እጆቹ እንደማይነሱ ተከራከሩ። ቀጣዩ መጽሐፋችሁ የባልድዊን ይሁን።